እንጨቱ ጣለው ወይስ ሰው?

የ110 ሜትር መሰናክል ሯጭ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያውቃል። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው መሰናክል 13.72 ሜትር፣ በየሁለቱ መካከል 9.14 ሜትር፣ ከአሥረኛው እስከ መድረሻው 14.02 ሜትር። የመሰናክሉ ቁመት 106.7 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለት መሰናክሎች መካከል የሚረገጠው ሦስት እርምጃ ብቻ ስለሆነ፣ ሯጩ ዓመታት የሚፈጀው እግሩን ያንን ልክ በማስተማር ነው። ሲያልፈውም አይዘልም፤ ዝላይ ጊዜ ይበላል። አንዱን እግር ወደፊት ይሰዳል፣ ደረቱን ወደ ጭኑ ያጎነብሳል፣ የኋላውን እግር በጎን አጥፎ ይስባል፣ ሩጫው እንዳልተቋረጠ ሁሉ ይቀጥላል። ቢነካው የሚወድቀው መሰናክሉ ነው። አውቆ እስካልጣለው ድረስ ሰውየው ትንሽ ጊዜ ያጣል እንጂ ከውድድሩ አይወጣም።

የ3000 ሜትሩ ይለያል። እዚያ 28 ጊዜ ደረቅ አግዳሚ፣ 7 ጊዜ ደግሞ ከበስተጀርባው ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ያለው አግዳሚ ይታለፋል፤ ቁመቱ ለወንዶች 91.4፣ ለሴቶች 76.2 ሳንቲ ሜትር። አግዳሚው ከ80 እስከ 100 ኪሎ ስለሚመዝን ቢመቱት ንቅንቅ አይልም። የፈለገ ረግጦት ያልፋል። ከእሱ ጋር የተጋጨ ግን ራሱ ነው የሚወድቀው።

ሁለቱም ሐቀኞች ናቸው። ቁመታቸው ተነግሯል፣ ቦታቸው ተለክቷል፤ ለአንዱ ዝቅ ለሌላው ከፍ አይሉም፤ ሩጫው ከተጀመረ በኋላም አይጨመሩም። ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር መዘጋጀት ይችላል፤ ቢያሸንፈውም ቂም አይዝም። በእንጨት ቂም የሚይዝ የለም።

ይህን የምጽፈው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ተቀምጬ ነው። የሩጫ ወሬ ሲነሣ እዚህም ቢሆን የሚጠራው በቆጂና አሰላ ነው። ከወለጋ ተነሥቶ የአንድ ሳይቤሪያዊ መሰናክል ሯጭ ሕይወት ማውጣት ማውረድ የሥራ ፈት ነገር ሊመስል ይችላል፤ ትንሽ ታገሡኝ። የውድድሮቹን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ የቤታችንን በቤታችን።

ሰርጌይ ሹቤንኮቭ በ1990 ባርናውል ተወለደ። እናቱ ናታሊያ ሹቤንኮቫ ሰባት ውድድሮችን በሁለት ቀን የሚያጣምረው የሄፕታትሎን ስፖርተኛ ነበረች። ሰኔ 1984 ኪየቭ ላይ በዛሬው አቆጣጠር 6859 ነጥብ ሰበሰበች። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ይህን ያህል ያመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከሳምንታት በኋላ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወርቁን የወሰደችው አውስትራሊያዊቷ ግሊኒስ ነን ነጥብ ከ6400 በታች ነው። ሹቤንኮቫ አልነበረችም። ሶቪየት ኅብረት አልሄድም ብላ ነበር፤ ምሥራቅ ጀርመኖቹም እንዲሁ። ወርቁ የእሷ ይሆን ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ተሰልፋ መሸነፍ እንኳ አልተፈቀደላትም ለማለት ግን እደፍራለሁ።

ልጇ ነሐሴ 2015 ቤይጂንግ ላይ በ12.98 ሴኮንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የዚያ ቀን ሦስተኛ የወጣው አሜሪካዊው ኤሪስ ሜሪት ነው፤ በ2012 12.80 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው። ሜሪት ቤይጂንግ የገባው የኩላሊቱ አቅም ከ20 በመቶ በታች ወርዶ ሳለ ነው። ከፍጻሜው ከአራት ቀን በኋላ እኅቱ ኩላሊቷን ሰጠችው። ሹቤንኮቭ በዚያ ቀን ያሸነፈው እንዲህ ያለ ሰው የሚያሳድደው ሆኖ ነበርና ድሉን ቀላል ነው የሚል አይኖርም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር ላይ፣ የሩሲያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በመንግሥት በተደገፈ የአበረታች መድኃኒት አጠቃቀም ምክንያት ከዓለም አቀፉ ማኅበር ታገደ። የ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ሲደርስ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የሩሲያውያኑን ይግባኝ ውድቅ አደረገ፤ በአትሌቲክስ እንድትወዳደር የተፈቀደላት አንዲት ርዝመት ዘላይ ብቻ ናት። እናቱ ከቀረችበት ኦሊምፒክ ከ32 ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮኑ ልጅ ቤቱ ተቀመጠ።

በ2017 ለንደን ላይ እንደ ገለልተኛ አትሌት ሮጦ ብር አገኘ፤ ባንዲራም የሀገር ስምም ሳይኖረው። በ2018 ሃንጋሪ ውስጥ 12.92 ሮጠ፣ በሕይወቱ ፈጣኑን። በ2019 ዶሃ ላይ ዳግመኛ ብር። በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ናሙናው ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘ ተባለ። ተጣርቶ ሲመጣ ለጨቅላ ልጁ ከታዘዘ መድኃኒት የተበከለ እንደሆነና ጥፋት እንደሌለበት ተወሰነለት። ነጻ ወጥቶ ቶኪዮ ሄደ፤ ሊሟሟቅ ሲል ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት ጎዳውና ሳይሮጥ ቀረ። በ2022 ሀገሩ ዩክሬንን ወረረች፤ የሩሲያ አትሌቶች እንደገና ታገዱ።

የዚህ ሰው ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ይህን የሚረዳ ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም።

በ1976 ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወጣች። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ሥርዓት ወዳለባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ ነው። ምሩጽ ይፍጠር ያን ጊዜ በጉልበቱ ጫፍ ላይ ነበር። በ1984 ከሶቪየት ጎን ቆማ ሎስ አንጀለስን ቀረች፤ በ1988 ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ሴኡልን። በላይነህ ዴንሳሞ ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑም አሥር ዓመት ቆየ። ከአምስት ወር በኋላ የዓለም ማራቶኒስቶች ሴኡል ላይ ሲሰለፉ የዓለም ፈጣኑ በመካከላቸው አልነበረም። የሹቤንኮቭ እናት ግን ያን ዓመት ሴኡል ነበረች፤ አራተኛ ወጣች። ሶቪየቶቹ ኩርፊያቸውን ትተው ሄደዋል፤ ስለ እነሱ ኩርፊያ የለመድነው እኛ ቀርተናል።

ከሁሉ የማስበው ግን እሸቱ ቱራን ነው፤ የመሰናክል ሰው ስለሆነ። በቀረንባቸው ሁለት ኦሊምፒኮች መካከል አንዲት በር ተከፍታለት ነበር፦ ሞስኮ፣ 1980። በሌኒን ስታዲየም የ3000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ የታንዛኒያው ፊልበርት ባዪ ገና ከመጀመሪያው ተወርውሮ ሄደ። ፖላንዳዊው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በመጨረሻው ዙር ደርሶበት አለፈው፤ 8:09.70። ባዪ ሁለተኛ። እሸቱ በ8:13.57 ሦስተኛ ሆኖ በዚህ ርቀት የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ አመጣ። ኋላም አሠልጣኝ ሆኖ ዕድሜውን ለዚሁ ሥራ ሰጠ።

እዚህ ላይ ለአንባቢ የማይመች ነገር ልጨምር። በዚያ ፍጻሜ ኬንያውያን አልነበሩም። የመሰናክሉ ርቀት ባለቤቶች በአሜሪካ ጥሪ ሞስኮን ቀርተዋል። ሄንሪ ሮኖ በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረ ነው፤ አንዱ ይኸው የ3000 ሜትር መሰናክል፣ በ8:05.4። በ1976 ኬንያ ከአፍሪካ ጋር ቀረች፣ በ1980 ከአሜሪካ ጋር ቀረች፤ ሮኖ በሕይወቱ አንድም ኦሊምፒክ ሳይሮጥ አለፈ። እኛ የተከፈተልን በር ለእሱ የተዘጋ በር ነበር። የእሸቱ ነሐስ ከዚህ የተነሣ አይቀልም፤ የመጣውን ተሰልፎ አሸንፏል። ነገር ግን ስለ ተወሰደብን ብቻ እያወራን ሌላው ተወስዶበት የተሰጠንን መርሳት አይገባም።

ሦስቱን አድማዎች በአንድ ሚዛን አልመዝንም። የሞንትሪያሉ ምክንያት ነበረው፤ ያኔ የተጣለው ጫና በደቡብ አፍሪካ ላይ የቆመው ትልቅ ግፊት አካል ሆኗል። የሎስ አንጀለሱና የሴኡሉ የሰው ጠብ ተውሶ መጣላት ነበር። ግን ምክንያቱ ምንም ያህል ጻድቅ ቢሆን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ራሱን የሠዋ ሰው አለ፤ ሌሎች የሠዉት ሰውም አለ። የመጀመሪያው ጀግና ይባላል። ሁለተኛውንም ጀግና ብለን እንጠራውና ጉዳዩን እንዘጋለን፤ ያልጠየቅነውን ፈቃዱን እንደ ሰጠን አድርገን። ምሩጽን ትቀራለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ፣ ለሹቤንኮቭ እንደ ንጹሕ ሰው የማዝን አድርጎ ቢወስደኝ ትክክል ነው። ግን የሶፊያ አሰፋ ጉዳይ አለ፤ እሷ ሳትነሣ ነገሩ ግማሽ ነው።

ሶፊያ የደቡብ ወሎ፣ የተንታ ልጅ ናት። ነሐሴ 6 ቀን 2012 ለንደን ላይ የ3000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ ነበረች፣ በ9:06.72። ቱኒዚያዊቷ ሀቢባ ግሪቢ ሁለተኛ፤ ሶፊያ በ9:09.84 ሦስተኛ፤ ኬንያዊቷ ሚልካ ቼሞስ በ9:09.88 አራተኛ። በሶፊያና በቼሞስ መካከል ያለው አራት መቶኛ ሴኮንድ ነው፤ ዐይን እስኪጨፈን አይፈጅም። በ2015 መጀመሪያ ዛሪፖቫ በደም ማኅደሯ ላይ በታየው ነገር መታገዷ ተነገረ፤ በ2016 የለንደን ወርቋን አጣች። ሁሉም አንዳንድ ደረጃ ወደ ላይ ተገፋ። ግሪቢ ወርቁን በገዛ ሀገሯ ስታዲየም ተቀበለች፣ የሶፊያ ነሐስ ብር ሆነ፣ የቼሞስ አራተኛነት ነሐስ ሆነ።

ተስተካከለ እንላለን። መዝገቡ ተስተካክሏል። ያ ምሽት ግን ወዴት ይስተካከላል? ግሪቢ መዝሙሯን ለንደን ላይ አልሰማችም። ሶፊያ ከመድረኩ ዝቅተኛው እርከን ላይ ቆመች። ከሁሉ የከፋው የቼሞስ ነው፤ እሷ ከናካቴው መድረክ አልወጣችም። በአራት መቶኛ ሴኮንድ ሜዳሊያ ያጣች መስሏት ዓመታት ኖረች፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሰውን ሌሊት ሌሊት ያስነሣል፤ እዚያች አግዳሚ ላይ ትንሽ ባልዘገይ፣ ውሃው ጋ በግራ እግሬ ብነሣ እያለ። ያልነበረ ጥፋቷን ስትፈልግ።

የሚገርመው፣ በዓመቱ የዓለም ሻምፒዮና ሞስኮ ሆነና ሶፊያ ነሐስ ያገኘችው እሸቱ ቱራ ነሐስ ባገኘበት በዚያው ስታዲየም ነው፤ ስሙ ብቻ ከሌኒን ወደ ሉዥኒኪ ተለውጧል። ወርቁን የወሰደችው ቼሞስ ናት። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መም ላይ፣ አንድ የ22 ዓመት ሩሲያዊ በ110 ሜትር መሰናክል ሦስተኛ ሆነ፤ ሹቤንኮቭ። ሁለቱም ነሐሳቸውን ከአንድ ሜዳ ይዘው ሄዱ። አንደኛዋ በዚያ ሀገር ሥርዓት ተዘርፋለች፣ ገና አላወቀችም። ሌላው ለዚያ ሥርዓት ዕዳ ይከፍላል፣ እሱም ገና አላወቀም።

የአባት ዕዳ ለልጅ እንላለን። አንድ ሰው ሌሎች ላደረጉት ይክፈል ወይ የሚለውን ጥያቄ የፈረንጅ ፈላስፎች በብዙ ጥራዝ ጽፈውበታል። እኔ ግን የሚታየኝ ሀገሬ ላይ ያለው ጉማ ነው። በኦሮሞ ባሕል ሰው የገደለ ሰው ካሣውን ብቻውን አይከፍልም፤ ጎሣው አዋጥቶ ይከፍላል። ያልገደለው የአጎት ልጅም ከብቱን ይሰጣል። መጀመሪያ ሲሰሙት ግፍ ይመስላል፤ እኔ ምን አደረግሁ ቢል መብቱ ነው። ነገር ግን ጉማ ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ የተከፈለው ለሟች ቤተሰብ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎቹ ሥርዓቱን ፈጽመው ደሙ ሲደርቅ ነገሩ ያበቃል፤ የአጎት ልጁ ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ አንገቱን ደፍቶ አይሄድም።

ሹቤንኮቭ ሪዮ ላይ የከፈለው ለማን ደረሰ? ሶፊያ ጋ አልደረሰም፤ ቼሞስ ጋም አልደረሰም። የሱ መቅረት በሌላ ርቀት የተዘረፈች ሴት ላይ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። የተፈጸመውን ቢያውቅም ባያውቅም፣ ዕዳው ከፋይ ነበረው እንጂ ተቀባይ አልነበረውም። ማለቂያም አልነበረውም፤ በ2017 ያለ ባንዲራ ሮጠ፣ በ2019 ያለ ባንዲራ ሮጠ። የጋራ ዕዳ መኖሩን አልክድም። ተቀባይና ማብቂያ የሌለው የጋራ ዕዳ ግን ቅጣት እንጂ ካሣ አይደለም። ጉማን ኋላ ቀር የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ልብ ቢሉት መልካም ነበር።

በወለጋ ይህ ሐሳብ ከመጽሐፍ የሚመጣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ ገደማ በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት፣ በብዙ ቦታም ስልኩ ጭምር ተቋርጦ ነበር። የተኮሰው ሌላ፣ ትእዛዝ የሰጠው ሌላ፤ ድምፅ ያጣው ግን ደምቢዶሎ ያለው ቡና ነጋዴ፣ ጊምቢ ላይ የልጇን ደኅንነት ማወቅ የቸገራት እናት ናት። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊልክ ቀኑ የደረሰበት ተማሪ ከነኮምፒውተሩ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ፣ 330 ኪሎ ሜትር። ከዚያም በኋላ መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስንት ሰርግ፣ ስንት ለቅሶ፣ ስንት ፈተና ቀረ። ይህ አሥረኛውን መሰናክል አልፎ አሥራ አንደኛ ቆሞ እንደሚጠብቀው ሯጭ መሆን ነው። ቁመቱን የነገረህ የለም። ለማን እንደተከለም የነገረህ የለም።

እንዲህ ስል ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ፦ ጠንካራ ሰው የትኛውንም ያልፋል። በምርቃት ቀን ንግግርም፣ በየስብከቱም፣ በፌስቡክም የሚሰማ ነው። ምሳሌ ሲፈለግ ደግሞ የምትጠራው እቴነሽ ዲሮ ናት።

ነሐሴ 2016፣ ሪዮ፣ የሴቶች 3000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ። እቴነሽ ከፊት እየመራች ሳለ ከኋላ የመጣ ግጭት ከሌሎች ጋር ጣላት። ስትነሣ የቀኝ ጫማዋ ተበላሽቷል። ቆማ ልታስገባው ታገለች፤ እምቢ ሲላት ወረወረችው፤ ካልሲውንም አወለቀች። በአንድ ባዶ እግር የቀሩትን አግዳሚዎች አለፈች፤ ውሃውንም። ጥለዋት በሄዱት ሁሉ ላይ ባትደርስባቸውም ብዙዎቹን ቀድማ ሰባተኛ ገባች፣ እያለቀሰች። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ያን እግር አነሣ። የእኛ ሰባኪዎች ሁሉ ከዚያ በኋላ እግሯን ይዘው ይሰብካሉ።

ሰባኪዎቹ የሚዘልሉት ክፍል አለ። በዚያ ማጣሪያ በቀጥታ የሚያልፉት ሦስት ናቸው፤ ሰባተኛ የወጣች አታልፍም። ጽናቷ ብቻውን ለፍጻሜ አላበቃትም። ያበቃት ይግባኝ ነው። ዳኞች ተሰበሰቡ፣ የተቀረጸውን አዩ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ የጣላት አግዳሚው ነው ወይስ ሰው? ሰው ነው። ስለዚህ እሷና አብረዋት የተደናቀፉት አየርላንዳዊቷ ሣራ ትሬሲና ጃማይካዊቷ አይሻ ፕራውት ፍጻሜ ይግቡ ተባለ። ፍጻሜው ላይ 15ኛ ወጣች፤ ያ የራሷ ውጤት ነው፣ ማንም አይከራከርበትም።

ለእኔ ከባዶው እግር ይልቅ ያ ክፍል ይበልጣል፤ ጠረጴዛ፣ ቪዲዮ፣ ጥቂት ሰዎች፣ የሕግ መጽሐፍ። እግሩ ያስለቅሳል። ጠረጴዛው ግን ነገር ይለያል። እኛ የጎደለን ለጽናት ምስጋና አይደለም፤ ለሱማ ዘፈንም አለን። የጎደለን ያ ጥያቄ ነው። ልጁ ማትሪክ ወደቀ ሲባል እንጨቱ ጣለው ወይስ ሰው ብለን አንጠይቅም። ነጋዴው ከሰረ ሲባል አንጠይቅም። ሁሉንም እንቅፋት አንድ አድርገን፣ ያለፈውን ጀግና ያላለፈውን ሰነፍ ብለን እንለያያለን። እንቅፋቱን ያቆመው ሰው በዚህ መሀል ስሙ ሳይነሣ ይቀራል። ጽናትን የሚያወድስ ንግግር ማንን እንደሚያሳርፍ ማየት አይከፋም።

ጥያቄው በሌላም በኩል ይሠራል።

ነሐሴ 7 ቀን 2024፣ ፓሪስ። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ባኬ ጃማ ያለው ቡና ቤት ወንበሮቹን መገልበጥ ጀምሮ ነበር፤ ለለሜቻ ግርማ ሲባል ቆየ። የአርሲው ልጅ ስንት ጊዜ ሁለተኛ እንደሆነ የማያውቅ በዚያ ክፍል አልነበረም። በ2019 ዶሃ ኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ 8:01.35፣ ለሜቻ 8:01.36። ከዚያ ቶኪዮ፣ ዩጂን፣ ቡዳፔስት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከሞሮኳዊው ሱፍያን ኤል ባካሊ ቀጥሎ። በመሀሉ ሰኔ 2023 እዚያው ፓሪስ 7:52.11 ሮጦ ለ19 ዓመት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። የዓለም ፈጣኑ፣ የዓለም ሁለተኛ።

የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። 200 ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ከፊት ካሉት ጋር እየታገለ ሳለ፣ አግዳሚው ላይ እግሩ ተያዘ። በጭንቅላቱ መሙ ላይ ወረደ፣ አልተንቀሳቀሰም። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ስኒያቸውን እንደያዙ ተነሥተው «ካኢ! ካኢ!» እያሉ ቴሌቪዥኑን ይለምኑት ነበር፤ ተነሣ ማለታቸው ነው። ሌላው ሁሉ አለፈው። ኤል ባካሊ በ8:06.05 አሸነፈ፤ ለሜቻ በቃሬዛ ወጣ። ራሱን ማወቁ እስኪነገር ድረስ ቡና ቤቱ አልተዘጋም። ሒሳብም የጠየቀን የለም።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ስለ ለሜቻ አወራ፤ አንድም ሰው ግን ይግባኝ ይጠየቅ ሲል አልሰማሁም። የገፋው የለም፤ መንገዱ ላይ የተደነቀረ የለም። እንጨቱ ነው የጣለው፣ 91.4 ሳንቲ ሜትር፣ ሺህ ጊዜ ያለፈው። ኀዘኑ ከእቴነሽ ይልቅ ከባድ ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ኀዘን ንጹሕ ነው ብል አጋነንኩ ይባል ይሆናል። ቢሆንም ሰው ሊደርስበት ከሚችለው ሽንፈት ሁሉ ይህኛው ክብር አለው፤ የወደቀው በተስማማበት ነገር ላይ ነውና። ሹቤንኮቭ ሪዮ ላይ እንዲህ ቢወድቅ ኖሮ ምን ያህል እንደሚቀለው ማሰብ ይቻላል።

እንግዲህ የሹቤንኮቭን ሕይወት በዚያው ጥያቄ እንፈትሸው። በ2012 ለንደን ግማሽ ፍጻሜ ላይ ቀረ፤ የበለጡት ሰዎች ስለነበሩ ነው፣ ማንም አይጠየቅበትም። ሪዮን ሰው ጣለበት። የ2021ዱን የመድኃኒት ክስ ሰው አመጣው፣ ሰው አጣርቶ አነሣለት፤ ይግባኝ ሲሠራ እንዲህ ነው። ቶኪዮን የጣለበት የገዛ ጅማቱ ነው፤ ከእንጨቱ ወገን የሚቆጠር፣ የሥጋ ነገር።

የ2022ቱ ላይ እቸገራለሁ። በዚያ ዓመት ዩክሬናዊቷ ከፍታ ዘላይ ያሮስላቫ ማሁቺክ ጦርነቱ ከከተማዋ ከድኒፕሮ ሲያስወጣት ሦስት ቀን በመኪና ተጉዛ ቤልግሬድ ደረሰች፤ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ወሰደች። እሷንም ሰው ነው ያፈናቀላት፣ የሹቤንኮቭ ሀገር ሰው። እዚህ ዕዳው ተቀባይ አለው፤ በስምም ይታወቃል። የማያልቅ መሆኑ ግን ያው ነው፣ ቤቶች እየፈረሱ ሳለ ሽማግሌ ተቀምጦ ደም አያደርቅምና። በሜዳው በኩል ያለው ክርክር፣ ሩሲያውያኑ ይመለሱ አይመለሱ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ስለ ሯጮቹ ንጽሕና ብቻ ያወራል። የማሁቺክ ስም የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው።

እኔ በዚያ የሪዮ ጠረጴዛ ዙሪያ ካሉት ዳኞች አንዱ ብሆን ለሹቤንኮቭ 2016ን እመልስለት ነበር። ቶኪዮን አልመልስለትም፤ እሱም የሚጠይቀኝ አይመስለኝም። 2022ን ግን ማሁቺክ ድኒፕሮ በሰላም ሳትገባ ፋይሉን አልከፍተውም።